ካዛንቺስና አባ ሳሙኤል፤ ስለ አንድ ሰፈርና ስለ አንድ ሐይቅ

ስለ አዲስ አበባ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እህሉ ከየት እንደ መጣ፣ ሥጋውና ቅቤው በየትኛው በር እንደ ገባ፣ ማገዶው ከየትኛው ተራራ እንደ ወረደ ይነግሩናል። ያ ሁሉ ከተበላና ከነደደ በኋላ የት እንደ ደረሰ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ነገሩ ነውር ስለ ሆነ ይሆናል፤ ወይም ውኃ የወሰደው ሁሉ የጠፋ ስለሚመስለን ይሆናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነው። የምንነሣው ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ሲሆን የምንደርሰው ከከተማው በስተደቡብ ካለው ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት «በፈረንጅ» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሰፈሩና ሐይቁ እኩዮች ናቸው። ካዛንቺስ የሚለው ስም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያን አጠራር የመጣ ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው የጣልያን ድርጅት ስም አኅጽሮት ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ከ1928 እስከ 1933 በቆየው በወረራው ዘመን ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ እነዚያው ጣልያኖች የአቃቂን ወንዝ በግድብ ዘግተው ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚሆን ሐይቅ አበጁ። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከውኃ ኃይል መብራት ለማውጣት ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሽቦው ብርሃኑን ሽቅብ ወደ ከተማው ሲያመጣ፣ ወንዙ የከተማውን እጣቢ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወስድ ጀመር። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያውን አስልተውታል፤ ሁለተኛውን አስልተውት ቢሆን ኖሮ ግድቡን እዚያ ቦታ ባላቆሙት ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

የቦታውን አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየቈራረጡ ያልፋሉ። ካዛንቺስን በምሥራቅ በኩል ቀበና ይዞራታል፤ ግንፍሌም ከላይ መጥቶ ከቀበና ጋር ይገናኛል። በምዕራቡ ወገን ደግሞ ባንትይቀጡ ፍል ውኃን እየታከከ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትንሹ አቃቂ የከተማውን ምዕራብ አጥቦ ይመጣና ሁለቱ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ከግድቡ ያለፈው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በአዋሽም ወደ ቆቃ ይሄዳል። ስለዚህ በካዛንቺስ አንዲት ሴት ከደጃፏ የምትደፋው የልብስ እጣቢ ዝናብ ካገኘው ከአንድ ሐይቅ አልፎ ሁለተኛ ሐይቅ ሊደርስ ይችላል። ባንትይቀጡ የሚለውን ስም «ባንቺ ይቀጡ» ብሎ ለሚፈታው ሰው፣ የሚቀጡት ከታች ያሉት ሰዎች መሆናቸው ግልጽ ይሆንለታል፤ ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ እንዳልነበረ ግን የታወቀ ነው።

ወንዞቹ ከካዛንቺስ በፊትም ሥራ አልፈቱም። አዲስ አበባ በ1879 ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱንና መኳንንቱን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች የሳበው ፍል ውኃው ነው፤ ፍል ውኃም ዛሬ በቂርቆስ ክልል ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የከተማይቱ የመጀመሪያ እድፍ የታጠበው በዚሁ ወገን ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ግን ከብቱና በቅሎው ከሰው ጋር አብሮ ይኖር ስለ ነበር የሚበዛው ነገር ፋንድያና እበት ነበር። እበቱ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እዚህ ላይ ለታሪክ ጸሐፊ የኬሚስትሪ ትምህርት ይጠቅመዋል። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ፎስፎረሱ ግን አይነድም፣ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱም ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቦይ ይደፋል። በኩበት የምትበስል ከተማ እንዲህ ባለ መንገድ ናይትሮጅኗን ለነፋስ፣ ፎስፎረሷን ለወንዝ ትሰጣለች።

ይህ ልዩነት የጽሑፋችን መሠረት ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበታለን። በሐይቅ ውስጥ የሚኖር ተክል ሁሉ፣ ትልቁም ሆነ በዓይን የማይታየው አልጌ፣ ከሌላው በይበልጥ የሚፈልጋቸው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው። በክብደት ሲመዘን ለ1 እጅ ፎስፎረስ 7 እጅ ናይትሮጅንና 40 እጅ ያህል ካርቦን ያስፈልገዋል። ካርቦኑ ከአየርም ይገኛል። ናይትሮጅንም ቢያጥር አንዳንዶቹ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ሥር ከአየሩ እየሳቡ ማዘጋጀት ያውቁበታል። ሲበዛም ኦክሲጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች እየፈቱ ወደ አየር ይመልሱታል። ናይትሮጅን እንግዲህ የሚገባበትም የሚወጣበትም የሰማይ በር አለው። ፎስፎረስ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ወደ ሐይቅ የገባው ፎስፎረስ ወይ ከውኃው ጋር በግድቡ ያልፋል፣ ወይ ዓሣና ሣር ሆኖ በሰው እጅ ይወጣል፣ አለዚያም ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል።

መጠኑም ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም የሚሆን ፎስፎረስ ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ከዚህም የሚበዛው በሽንት ነው። አንዱ ግራም ፎስፎረስ ሐይቅ ሲደርስ ከ100 ግራም የማያንስ ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። ያ አልጌ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ 140 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈጃል። ይህን በመቶ ሺህ ሰው ማባዛቱን ለአንባቢው እንተዋለን።

የደጋ ሐይቅ ከመነሻው ኦክሲጅን የጐደለው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ከ7 ብዙ አይበልጥም፤ አየሩ ስስ ነውና። የአውሮፓ መጻሕፍት የአንድ ሐይቅ ጤና የሚለካበት ነው የሚሉትን ቍጥር እንዳለ አምጥቶ ለእኛ አገር ማዋል የማይገባውም ስለዚህ ነው።

የደጋ ሐይቆቻችንን ጠባይ በሚገባ ያወቅነው ከቢሾፍቱ ነው። በ1943 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተለወጠ በኋላ፣ ባክስተር፣ ፕሮሰርና ዉድ የተባሉ መምህራን ከእንግሊዛዊው የሐይቅ ሊቅ ከታሊንግ ጋር ሆነው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 ስለ እነዚህ ሐይቆች የውኃ ድርብርብ ጽፈዋል። የደረሱበትም ነገር የቢሾፍቱ ሰው ከሚያየው ጋር የሚስማማ ነው። ከላይ ያለው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ሲቀልል ከታች ያለው ቀዝቅዞ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የሚበሰብሰውም ነገር ከታች ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውኃ ከብዶ ይሰምጥና ሐይቁ ይደባለቃል። በዚያን ጊዜ ከታች የነበረው መጥፎ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣውም አንዳንድ ጊዜ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ሰው በመርዝ ያልቃል ብሎ ይደነግጣል እንጂ ምክንያቱ ብርዱ ነው።

አባ ሳሙኤል ከቢሾፍቱ ሐይቆች ይለያል። እነርሱ ጥልቅና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ እርሱ ግን ወንዝ የሚያቋርጠው ሜዳማ ሐይቅ ነው። በክረምት ጐርፉ ይጠርገዋል፤ በበጋ ግን የሚመጣው ውኃ ጥቂት ስለሚሆን ከዚያው ጥቂት የሚበዛው የከተማው ፍሳሽ ነው። የአንድ ነገር አሠራር ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ እርሱም የጭቃው አሠራር ነው። ጭቃው ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ በውስጡ ያለው ብረት ፎስፎረሱን ይዞ ያቈየዋል። ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟል፣ የያዘውንም ይለቃል። ስለዚህ የታመመ ሐይቅ ከላይ የሚመጣበት እጣቢ ቢቋረጥ እንኳ ከዓመት ወደ ዓመት ከራሱ ጭቃ እየተመገበ ይኖራል። ዕዳውን እየከፈለ ሳለ ወለዱ እንደሚበላው ሰው ነው።

በዚህ ላይ እምቦጭ ተጨመረ። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ ቆቃም የተገደበው ገና በ1952 ነበር። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በአባ ሳሙኤል የተመቸበትም ምክንያት ያለ ነገር አይደለም። የአቃቂ ሜዳ አፈር መረሬ ነው፤ ጐርፉ ሲያመጣው ውኃው እንደ አተላ ይደፈርሳል፣ ብርሃንም ወደ ውስጥ አይገባም። አልጌ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ምግቡ ሞልቶ ሳለ በጨለማ ይራባል። እምቦጭ ግን ቅጠሉን ከውኃው በላይ ዘርግቶ ፀሐዩን ይሞቃል፣ ሥሩንም ወደ ምግቡ ይሰዳል። ከዚያ በኋላ ከሥሩ ያለው ውኃ ይበልጥ ይጨልማል፣ አየርም ያጣል። ደለሉም እየበዛ መጣ፤ ኃይል ማመንጫውም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ኩባንያ ታድሶ በ2009 እንደገና ሥራ ጀምሯል። የታደሰው ግን መብራቱ እንጂ ሐይቁ አይደለም።

አሁን ወደ ላይ ወደ ሰፈሩ እንመለስ። ከነፃነት በኋላ ካዛንቺስ ከጣልያኖቹ ቤቶች ዙሪያ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት እየሞላች ሄደች። በ1950 የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ፤ በ1953ም የአፍሪቃ አዳራሽ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱና ሆቴሉ ከላይ፣ የቆርቆሮው ቤት ከጀርባው ሆነው ጐን ለጐን ኖሩ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙው የኪራይ ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ጥገናውም እንደ ኪራዩ ነበር። ለብዙ አባወራ አንድ የጋራ ሽንት ቤት መሆኑ በዚያ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

በዚህ ስፍራ ሰው እንደ ልማዱ ወንዙን ያቈሸሸው ድኻው ነው ብሎ ይፈርዳል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው በከፊል ተቃራኒውን አግኝተናል። በጕድጓድ ውስጥ የሚቀር ሽንት ቤት፣ ሽታውና ለጤና ጠንቅ መሆኑ ሳይካድ፣ ለሐይቁ የተሻለ ነው። ናይትሮጅኑ ተለውጦ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል፤ ይህም ሌላ ጕዳት አለው። ፎስፎረሱን ግን የጕድጓዱ ሸክላ አፈር ይዞ ያስቀረዋል። ለሐይቁ የከፋው በውኃ የሚለቀቀው ሽንት ቤት ነው፣ የፍሳሽ መስመር ሳይኖረው በጐን ቱቦ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ የተቀጠለ እንደ ሆነ። እንግዲህ በመታጠቢያ ቤት ያማረው ፎቅ ከጐረቤቱ ከቆርቆሮው ቤት ይልቅ አባ ሳሙኤልን ብዙ መግቦታል ማለት ይቻላል። የድኻው ቤት ጥፋት ጕድጓዱ ሲሞላ የሚመጥ ቦቴ ለመጥራት ገንዘብ ማጣቱና በክረምት ወደ ቦዩ መገንፈሉ ነው። በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ተሠርቷል፤ በኋላም ተስፋፍቷል። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ የፍሳሽ መስመር የነበረው ከከተማው ቤቶች ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ማጣሪያም ቢሆን ፎስፎረስን ለማስቀረት የተለየ ዝግጅት ካልተደረገለት የሚበልጠው ክፍል ከተጣራው ውኃ ጋር ያልፋል፤ ውኃው ሲጠራ ዓይን ይታለላል።

በውጭ አገር ይህ ነገር ክርክር አስነሥቶ ነበር። የዱቄት ሳሙና ፎስፌት ይበዛበት በነበረበት ጊዜ ሐይቆችን የሚያበላሸው ካርቦን ነው እንጂ ፎስፎረስ አይደለም የሚሉ ነበሩ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1973 ሺንድለር የተባለው ሊቅ በካናዳ አንዱን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈለው። ለአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ለሌላው ወገን እነዚህኑ ከፎስፎረስ ጋር ጨመረ። ፎስፎረስ የገባበት ወገን እንደ ጐመን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደ ነበረ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሣው የዚያ ሐይቅ ፎቶግራፍ ክርክሩን ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ረድቶታል። በአሜሪካም በሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ከ1963 እስከ 1968 በፈረንጅ የከተማው ፍሳሽ ወደ ሌላ ከተመለሰለት በኋላ በጥቂት ዓመታት ጠርቷል። ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች ያ ሐይቅ ጥልቅ መሆኑን፣ የታመመበትም ጊዜ አጭር እንደ ነበረ አብረው ቢናገሩ መልካም ነበር። አባ ሳሙኤል ጥልቀት የለውም፤ ፍሳሹ ሲገባበት የኖረውም ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ከከተማው የወጣው ሁሉ ግን ሐይቁ ዘንድ አይደርስም። በአቃቂ ወንዞች ዳር ጐመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ያጠጣሉ። ውኃው ማዳበሪያ ስላለበት አትክልቱ ይፋፋል፤ ጧትም ተጭኖ ወደ ከተማው ገበያና ጉሊት ይወጣል። በቂርቆስ ተበልቶ በባንትይቀጡ የወረደው ፎስፎረስ በጐመን ቅጠል ተመልሶ ወደ ቂርቆስ ይገባል ማለት ነው። የሐይቅ መምህራን የምግብ ዑደት የሚሉትን ነገር ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ በመጽሐፍ አላገኘንም። ለሐይቁ እነዚህ ገበሬዎች ባለውለታዎቹ ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ውኃውን ያጣሩለታል። ለሚበላው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮምና ከሽንት ቤት የሚመጣው የአንጀት ትል በዚያው ቅጠል ይመጣሉና። ውኃውን ክልክል ማለት ገበሬውን ያደኸያል፣ ሐይቁንም ይጨምርበታል፤ ዝም ማለት ደግሞ በላተኛውን ያሳምማል። በዚህ ነገር ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ተከራክረን አልተስማማንም።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰች። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። ገላን ጉራ በአቃቂ ወገን ስለ ሆነ ከወንዙ ራስጌ የነበረው ሰው ወደ ግርጌው ቀረበ። የወንዞቹ ዳርቻም በ2011 በተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ እየተስተካከለ ነው። በዑራኤል በኩል ወደ ቀበና የወረደ ሰው ትናንት ቤት የነበረበትን ቦታ ዛሬ ለይቶ ለማወቅ ይቸግረዋል፤ እኛም ወርደን ቸግሮናል። ስለ ሰፈሩ ለመጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ቤቱን አጥቷል፣ ጐረቤቱም ተበትኗል።

የዚያ ሰፈር አንድ መዝገብ ግን ሳይነካ ቀርቷል። የሐይቅ ደለል በየዓመቱ በላይ በላዩ እየተደራረበ ስለሚቀመጥ በረጅም ቱቦ ተቈርጦ ሲወጣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ሊነበብ ይችላል። በወሎ ከሐይቅና በትግራይ ከአሸንጌ ሐይቅ እንዲህ ያለ ደለል ወጥቶ በአሥር ሺሕ ዓመታት ስለሚቈጠር የአገራችን ዝናብና ድርቅ ተነብቧል። የአባ ሳሙኤል ደለል ዕድሜው የሰፈሩን ያህል ነው እንጂ ከዚያ አይበልጥም፤ ነገር ግን የኩበቱ አመድ፣ የሳሙናው ፎስፌት፣ የቆዳ ፋብሪካው ክሮም እያንዳንዱ በጊዜው ተቀምጦበታል። ሐይቁን ለማስፋት ደለሉን ማውጣት ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ወደ ሥራ መለወጡ አይቀርም። ከዚያ በፊት ቱቦው መግባት አለበት። ትልቁ አቃቂ ከሚገባበት አፍ ዘንድ ጐርፉ ደለሉን እያገላበጠው ስለሚኖር ቅደም ተከተሉ አይታመንም፤ ከግድቡ ግርጌም የጥገናው ሥራ ነካክቶታል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው በሁለቱ መካከል ጥልቅ የሆነውና ወንዙ ሲገባ የሚመታው ያልሆነው ቦታ ነው፤ የሚመቸውም ጊዜ የጐርፉ ኃይል ካለፈ በኋላ እምቦጩ ሳይከድነው በጥቅምት ነው።